ጠረን ቀድሞ ይግባ፦ ነባርና እንግዳ ድመት በአንድ ጣሪያ ሥር

በከተሞቻችን ሁለተኛ ድመት ወደ ቤት የምትገባበት መንገድ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከጎረቤት ወይም ከዘመድ የተገኘችው ድመት በካርቶን ወይም በዘንቢል ተይዛ ትመጣለች። ካርቶኑ ሳሎን መካከል ይቀመጥና ይከፈታል፤ ነባሯም ድመት «ነይ፣ እኅት መጣችልሽ» ተብላ ትጠራለች። የቤቱ ሰዎች ዙሪያውን ቆመው «ተዉአቸው፣ ይላመዳሉ» ይባባላሉ። ቀጥሎ የሚሆነውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የሁለቱም ጸጉር ይቆማል፤ ጆሮዎቻቸው ወደ ኋላ ይተኛሉ፤ ጉርምርምታው ወደ ጩኸት ይለወጣል። ጥቂት ቆይቶ አንደኛዋ ቁም ሣጥን ላይ፣ ሌላይቱ አልጋ ሥር ትገኛለች።

ግቢ ባለበት ቤት ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚቋጨው ከሁለቱ አንዷ ስትጠፋ ነው። የምትጠፋውም እንግዳዋ ብቻ አይደለችም፤ ሰባትና ስምንት ዓመት የኖረች ነባር ድመት አጥር ዘልላ በዚያው የቀረችበትን ቤት ይህ ጸሐፊ ከአንድ በላይ ያውቃል። በኮንዶሚኒየም ቤት ደግሞ የሚዘለል አጥር ስለሌለ ሁለቱም እዚያው ተዘግተው፣ አንዷ ሌላዋን ከምግብ ሳህኑና ከአሸዋ ሣጥኑ እያባረረች ይኖራሉ።

ለመሆኑ የፊዚክስ መምህር በዚህ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው? እንደሚከተለው ለማሳየት እንደሚሞከረው፣ የሁለት ድመቶች ትውውቅ በአመዛኙ የሞለኪውሎች ጉዳይ ነው። የትኛው ሞለኪውል በአየር ይጓዛል? የትኛው ጨርቅ ላይ ተጣብቆ ይቀራል? ለውጡ በምን ያህል ፍጥነት ቢካሄድ ይሻላል? ከተበላሸ በኋላስ በመጣበት መንገድ ይመለሳል? እነዚህ ጥያቄዎች ለማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደሉም።

ብቸኛዋ አዳኝ

እ.ኤ.አ. በ2007 ካርሎስ ድሪስኮልና ባልደረቦቹ «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ያወጡት የዘረመል ጥናት፣ የዓለም የቤት ድመቶች የዘር ግንድ ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት እንደሚመዘዝ አሳይቷል። ፌሊስ ሊቢካ ተብሎ የሚጠራው ይህ የዱር ድመት ዝርያ በአፍሪካም በሰፊው የሚኖር ሲሆን በሀገራችንም ይገኛል። ከዚህ ጥናት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በዣን ደኒ ቪኝ የተመራ የፈረንሳይ የአርኪዎሎጂ ቡድን በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረ የድመት አጽም ማግኘቱን አስታውቆ ነበር። የመቃብሩ ዕድሜ 9,500 ዓመት ያህል ነው። እንግዲህ ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው እህል በጎተራ መከማቸትና አይጥ መብዛት ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ መሆኑ ነው።

ይሁንና የዱር ድመት ብቻዋን የምታድን እንስሳ ናት። ውሻ በመንጋ ከሚያድነው ተኩላ የተገኘ በመሆኑ የመታረቂያና የመገዛት ምልክቶችን ወርሷል፤ ጅራቱን ያጥፋል፣ በጀርባው ይተኛል፣ ይልሳል። ድመት ግን የምታድናት አንዲት አይጥ ለአንድ እንጂ ለሁለት የማትበቃ በመሆኗ፣ ከማታውቀው ድመት ጋር የምትደራደርበት ቋንቋ እምብዛም አላዳበረችም። ያላት መፍትሔ ርቀት ነው። ርቀት በማይገኝበት ሳሎን ውስጥ የሚቀራት ጥፍር ብቻ ይሆናል። አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ሲሉ ስለ ሰው መናገራቸው ቢሆንም፣ በሥነ ሕይወት ረገድም አልተሳሳቱም።

ይህ ሲባል ግን ድመት ፈጽሞ ማኅበር አትወድም ማለት አይደለም። ምግብ በተትረፈረፈበት ስፍራ፣ ለምሳሌ በወደብና በገበያ አካባቢ፣ በዘር የሚዛመዱ እንስቶች በቡድን ይኖራሉ፤ ግልገሎቻቸውንም በጋራ ያጠባሉ። ከቡድኑ ውጭ የሆነች ድመት ስትመጣ ግን ትባረራለች። ታዲያ ድመቶቹ የቡድኑን አባል ከባዕዱ የሚለዩት በምንድን ነው?

ጠረን እንደ መታወቂያ

መልሱ ጠረን ነው። ድመት በጉንጯ፣ በአገጯ፣ በግንባሯ፣ በጅራቷ ሥርና በመዳፎቿ ጣቶች መካከል ጠረን የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት። የወንበሩን እግር በጉንጯ ስታሽ ወይም በባለቤቷ እግር ላይ ስትተሻሽ ፍቅሯን መግለጿ ብቻ አይደለም፤ ማኅተሟን ማተሟም ጭምር ነው። አብረው የሚኖሩ ድመቶች እርስ በርስ በመተሻሸትና አብሮ በመተኛት የሁሉም የሆነ አንድ የጋራ ጠረን ይፈጥራሉ። ይህን ጠረን የያዘች ድመት የቤት ልጅ ናት፤ ያልያዘች ባዕድ ናት።

የዚህን እውነትነት የሚያሳይ፣ የእንስሳት ሐኪሞች በየጊዜው የሚያጋጥማቸው ክስተት አለ። ለዓመታት በሰላም አብረው ከኖሩ ሁለት ድመቶች አንዷ ለሕክምና ሄዳ በማግሥቱ ስትመለስ፣ ቤት የቆየችው ልክ እንደ ጠላት ትቀበላታለች። መልኳ አልተለወጠም፤ ድምፅዋም ያው ነው። የተለወጠው ጠረኗ ነው፤ የመድኃኒት፣ የአልኮልና የሌሎች እንስሳት ሽታ የጋራውን ጠረን ሸፍኖታል። ዓይን «እኅትሽ ናት» እያለ አፍንጫ «አይደለችም» ቢል፣ ድመት የምታምነው አፍንጫዋን ነው።

ድመት ከአፍንጫዋ ሌላ ሁለተኛ የማሽተቻ አካል አላት። ከላይኛው የፊት ጥርሶቿ በስተኋላ በላንቃዋ ላይ ወደሚገኙ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚያመራው ይህ አካል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በገለጸው የዴንማርክ ሐኪም ስም የጃኮብሰን አካል ይባላል። ድመት አንድ ነገር አሽትታ አፏን በከፊል ከፍታ፣ የላይኛውን ከንፈሯን ሰብስባ፣ እንደ ፈዘዘች ለጥቂት ሰከንዶች ስትቆም አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ሽታው ያስጠላት ይመስለዋል፤ እርሷ ግን በቀላሉ የማይተኑ ሞለኪውሎችን ከፈሳሽ ጋር ወደዚያ አካል እየሳበች ነው።

ቀላል ሞለኪውል፣ ከባድ ሞለኪውል

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። አንድ ነገር ከሩቅ እንዲሸት ሞለኪውሎቹ ተነው አየር ውስጥ መግባት አለባቸው። የመትነን ዝንባሌያቸው ደግሞ በእንፋሎት ግፊታቸው ይለካል። ከዚህ አንጻር የድመት ጠረኖች በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ወገን የሽንት ነው። በድመት ሽንት ውስጥ ፌሊኒን የሚባል ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚያዛኪ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እንዳረጋገጡት፣ ፌሊኒን የሚመረተው ኮክሲን በተባለ የኩላሊት ፕሮቲን አማካይነት ነው፤ ምርቱም ባልተኮላሸ ወንድ ድመት ላይ ከሁሉም የበዛ ነው። ፌሊኒን ራሱ እምብዛም አይሸትም። ቀስ በቀስ ሲፈራርስ ግን ድኝ የያዙ ቀላልና በራሪ ሞለኪውሎችን ይለቃል፤ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠው ይኸው ነው። በመሆኑም የሽንት ምልክት ከሩቅ ይሰማል፣ ለብዙ ቀናትም ይናገራል።

ሁለተኛው ወገን የፊት ዕጢዎች ጠረን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም ፓትሪክ ፓዣ ከድመት ጉንጭ አምስት ዓይነት ቅይጦችን ለይቷል። ድመት በዕቃ ላይ የምትቀባው ቅይጥ እንደ ኦሌይክና ፓልሚቲክ ያሉ ፋቲ አሲዶችን የያዘ ነው። እነዚህን አሲዶች በዘይትና በሞራ ውስጥ እናውቃቸዋለን፤ የእንፋሎት ግፊታቸውም ከአልኮል ጋር ሲነጻጸር ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ አይበሩም። «እኔ ሰላም ነኝ፣ ይህ ቤቴ ነው» የሚለው መልእክት የሚነበበው አፍንጫን አስጠግቶ ብቻ ሲሆን፣ «እዚህ ባላንጣ አለ» የሚለው ግን በነፋስ ይመጣል።

ስለ መብረር ከተነሣ አንድ አጭር ስሌት እናድርግ። ነፋስ በሌለበት አየር ውስጥ የሽታ ሞለኪውሎች የሚጓዙት በዲፊዩዥን፣ ማለትም ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር እየተጋጩ ያለ አቅጣጫ በመንከራተት ነው። የዚህ ጉዞ ጊዜ በግምት የርቀቱ ካሬ ለዲፊዩዥን ቁጥሩ እጥፍ ሲካፈል ይገኛል። ቁጥሩን በሰከንድ 0.1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብንወስድ፣ አንድ ሜትር ለመሄድ 50,000 ሰከንድ፣ ማለትም 14 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። አራት ሜትር ለመሄድ ደግሞ 16 እጥፍ፣ ከ9 ቀን በላይ ይሆናል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ የዲፊዩዥን ቁጥሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል፤ ምክንያቱን መፈለግ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይተው።) ነገር ግን የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ከማድ ቤት ሳሎን ለመድረስ 9 ቀን ቀርቶ አንድ ደቂቃም አይፈጅበትም። እንዲህ የሚሆነው በቤት ውስጥ ሽታን የሚያጓጉዘው ዲፊዩዥን ሳይሆን የአየር ሞገድ በመሆኑ ነው፤ የሞቀው አየር ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፣ በመስኮት የገባው በበር ሥር ይወጣል።

ከዚህ ስሌት ለጉዳያችን ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። እንግዳዋ ድመት በሌላ ክፍል ተዘግታ ብትቀመጥም በራሪው ጠረኗ በበሩ ሥር ወጥቶ በመጀመሪያው ቀን ነባሯ ዘንድ ይደርሳል። ከባዱና ሰላማዊው ጠረን ግን በራሱ አይደርስም፤ ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ምንም ካልተደረገ ነባሯ ድመት ስለ እንግዳዋ የምትሰማው ወሬ ግማሹን ብቻ፣ ያውም ክፉውን ግማሽ ነው።

በር፣ ጨርቅና ሳህን

የሐኪሞቹ ምክር ከዚህ ጋር ይገጥማል። እንግዳዋ ድመት በመጀመሪያ ወደ ሐኪም ቀርባ ትታያለች፤ ክትባቷንም ታገኛለች። ከዚያም የራሷ ውኃ፣ ምግብ፣ የአሸዋ ሣጥንና መደበቂያ ወዳለበት፣ በሩ ወደሚዘጋ ክፍል ትገባለች። መደበቂያ የሚባለው የተገለበጠ ካርቶን ቢሆን በቂ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በዚያ መቆየቷ ያልታየ በሽታ ቢኖርባት ወደ ነባሯ እንዳይተላለፍም ይረዳል።

ድመቷ ስትረጋጋና መብላት ስትጀምር የጨርቁ ሥራ ይጀመራል። ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ይወሰድና የእንግዳዋ ጉንጭና አገጭ በቀስታ ይታሻል፤ በሌላ ጨርቅ የነባሯም እንዲሁ። ከዚያ ጨርቆቹ ይለዋወጣሉ። ጨርቁን አፍንጫዋ ላይ መለጠፍ አይገባም፤ ከሳህኗ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጥና በራሷ ጊዜ ትምጣበት። በመጀመሪያው ቀን ፍሽ ብላ ብትሸሽ የሚያስደነግጥ አይደለም። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን አሽትታ አልፋው ከሄደች፣ ይልቁንም በጉንጯ ካሸችው፣ የጋራው ጠረን መቀባት ጀምሯል ማለት ነው። ቀጥሎ ድመቶቹ ሳይገናኙ ክፍል ይለዋወጣሉ፤ አንዷ ሌላዋ ስትውልበት የነበረውን ክፍል እየዞረች ታሸታለች።

ሳህኖቹ ደግሞ በተዘጋው በር ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ዓላማው የሌላዋ ጠረን በመጣ ቁጥር ምግብም አብሮ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ባለፈው ዓመት በእኔ ቤት ሁለተኛ ድመት በገባች ጊዜ የሳህኖቹን ርቀት በየቀኑ እየለካሁ እመዘግብ ነበር፤ የሙያ አመል ነው። ከበሩ ሁለት ሜትር ተጀመረ። ምግቡም ሁለቱም የማይደራደሩበት የተቀቀለ ሳንባ ነበር። ሁለቱም ሳህናቸውን ጨርሰው ከሄዱ ሳህኑ በማግሥቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ አንዷ ቀና ብላ በሩን ካፈጠጠችበት ባለበት ይቆያል። ግራፉ ቀጥ ያለ መሥመር አልሆነም። እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ድረስ በፍጥነት ወረደ፤ እዚያ ላይ ለአምስት ቀናት ተገተረ፤ አንድ ቀንም ወደ 1 ሜትር ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ግልጽ ምክንያት ወደ በሩ ወረደ። ባለቤቴ «አሁንስ ለእነርሱም ፈተና ልታወጣላቸው ነው» እያለች ብትስቅም፣ መዝገቡ አንድ ጠቃሚ ነገር አሳይቶናል፤ የሚቀጥለውን እርምጃ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ሳይሆን የድመቶቹ ሁኔታ ነው።

በበሩ ሥር በሰላም መብላት ሲቻል በሩ በጣት ስፋት ይከፈታል፤ ወይም ወንፊት መሰል መረብ ይጋረድበታል። የመጀመሪያው ፊት ለፊት ግንኙነት ከጥቂት ደቂቃዎች አይለፍ፤ ሁለቱም ገና ተረጋግተው ሳሉ ይቋረጥ። እዚህ ላይ ከድምፅ ይልቅ ዓይንን መመልከት ይሻላል። ትንሽ ማጉረምረም ንግግር ነው። ሳይንቀሳቀሱ፣ ሳይጨፍኑ፣ አንገትን ዝቅ አድርጎ ማፍጠጥ ግን የጥቃት መቅድም ስለሆነ በመካከላቸው ካርቶን አስገብቶ ዕይታውን መጋረድ ያስፈልጋል።

የማይመለስ መንገድ

ለምን ይህን ያህል ድካም ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። «ቢጣሉ እንኳ እንደገና ይለያዩና እንደ አዲስ ይጀመራል» ማለት ይቻላል። ችግሩ እንደ አዲስ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው።

አንድ የብረት ሚስማር በመግነጢስ መስክ ውስጥ ሲገባ ይማገነጣል። መስኩ ሲነሣ ሚስማሩ ወደ ቀድሞው ባዶነቱ አይመለስም፤ የተወሰነ መግነጢስነት ይዞ ይቀራል። ይህን ለማጥፋት ተቃራኒ መስክ መጫን ያስፈልጋል። ሂስተሪሲስ የምንለው ይህ ነው፤ የአንድ ነገር የአሁን ሁኔታ አሁን በተጫነበት ኃይል ብቻ ሳይሆን በመጣበት መንገድም ይወሰናል። ድመት ሚስማር ባትሆንም ፍርሃትን የምትማረው በአንድ ቀን ነው፤ የምትረሳው ግን በብዙ ሳምንታት ነው። ከመጀመሪያው ጠብ በፊት የእንግዳዋ ጠረን ምንም ትርጉም አልነበረውም፤ ከጠቡ በኋላ የሕመም ምልክት ሆኗል። ያው ጨርቅ፣ ያው ሳህን ከእንግዲህ የሚሠሩት ከዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች ተነሥተው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ይደግፋል። ድመት ባለበት ቤት ሌላ ድመት ከመጠለያ ወስደው ካስገቡ ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ትውውቅ ጠብ መከሰቱን ተናግረዋል። የመጀመሪያው ግንኙነት በመቧጨርና በመናከስ በጀመረባቸው ቤቶች ደግሞ ከወራት በኋላም ጠቡ የመቀጠል ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ሁላችንም አስቀድመን የምንጠይቃቸው የጾታና የዕድሜ ጉዳዮች ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጡም።

ጠብ ከተነሣ እጅን ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ብርድ ልብስ መጣል ወይም ወፍራም ካርቶን በመካከል ማስገባት ይሻላል። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ንክሻው ከላይ ትንሽ መስሎ ተሕዋስያንን ወደ ውስጥ ጠልቆ ይተክላል። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት ሀገራችን ደግሞ የማንኛዋም ድመት ንክሻ በቀላሉ መታየት የለበትም። ቁስሉ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ከታጠበ በኋላ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በፋብሪካ ተቀምሞ ፌሊዌይ በሚል ስም የሚሸጠውን የፊት ጠረን በውጭ ሀገር በትምህርት ላይ ሳለሁ በብዙ ቤቶች ተሰክቶ አይቻለሁ። በጥናቶች የተገኘው ውጤት የተደበላለቀ ነው፤ አንዳንዶቹ ጥቅም አግኝተውበታል፣ ሌሎቹ ልዩነት አላዩም። በእኔ ግምት ምንም ወጪ የሌለው ጨርቅ ሳይሞከር ወደዚህ መሄድ አያስፈልግም። ከዚህ ይልቅ የሚያዋጣው የቤቱን ዕቃ መቁጠር ነው። ለሁለት ድመት ሦስት የአሸዋ ሣጥን፣ በተለያየ ቦታ የተቀመጡ ሁለት የምግብ ሳህኖችና ከአንድ በላይ ከፍ ያለ ማረፊያ ይኑር። ጠባብ ቤት እንኳ ወደ ላይ ሰፊ ነው፤ አንድ መደርደሪያ ቢጨመር በወለሉ ላይ ያልተገኘው ርቀት በቁመት ይገኛል። ወንድ ድመት ካለም መኮላሸቱ የሽንት ምልክቱንና ጠቡን ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዳንድ ጥንዶች በሦስት ሳምንት አብረው ይተኛሉ፤ አንዳንዶቹ ወራት ይፈጅባቸዋል፤ ጥቂቶች ደግሞ መቼም ጓደኛ አይሆኑም። የመጨረሻዎቹም ቢሆኑ አንድ ቤት መኖር አይሳናቸውም። ጀርመናዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ፖል ላይሃውዘን ነጻ የሚዘዋወሩ ድመቶችን ተከታትሎ እንደገለጸው፣ ድመቶች አንድን መንገድ በየተራ፣ በተለያየ ሰዓት እየተጠቀሙ ከመገናኘት ይቆጠባሉ። ሁለት ድመት ባለበት ቤት የሚኖር ተማሪ ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ጠዋት የትኛዋ፣ ከሰዓት የትኛዋ እንደምትይዘው ለሁለት ሳምንት በየሰዓቱ መዝግቦ ሠንጠረዥ ቢያወጣ፣ ይህን ግኝት በገዛ ቤቱ ሊፈትሸው ይችላል። የሚያስፈልገው ደብተርና ሰዓት ብቻ ነው።